የበሽታን ዱካ የሚከተል ሙያ፦ ኤፒዲሚዮሎጂ ከደንቢያ ሜዳ እስከ ወገራ ደጋ

ከጎንደር ከተማ ተነስቶ በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና አቀበቱን ጨርሶ የወገራን ደጋ ሲይዝ የወረዳውን ዋና ከተማ አምባ ጊዮርጊስን ያገኛል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3 ሺህ ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ዙሪያዋ የገብስ፣ የስንዴና የባቄላ ማሳ የሆነ፣ በክረምት ጉምና ብርድ የማይለያት ናት። በዚህ ከፍታ ወባ አይተላለፍም። የወባ ተውሳክ በትንኟ አካል ውስጥ አድጎ ወደ ሰው ለመተላለፍ የሚበቃው በቂ ሙቀት ሲያገኝ ስለሆነ፣ ብርድ በጸናበት ሥፍራ ትንኟ ተውሳኩ ለመተላለፍ ሳይደርስ ዕድሜዋ ያልቃል። ይሁንና በወባ የተያዘ ሰው በደጋው ጤና ተቋም ደጃፍ ላይ መታየቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ሕመምተኛውን የሚመረምረው ሐኪም ሰውዬው ምን እንደያዘው አውቆ መድኃኒቱን ይሰጠዋል፤ ይህም የሕክምና ሥራ ነው። ሰውዬው በሽታውን የት እንዳገኘው፣ ከእርሱ ጋር የነበሩት እነማን እንደሆኑ፣ ከመካከላቸው ስንቶቹ እንደታመሙና ያልታመሙት ስለ ምን እንደዳኑ ጠይቆ መልሱን የሚፈልገው ግን ሌላ ሙያ ሲሆን፣ ስሙም ኤፒዲሚዮሎጂ ይባላል።

ኤፒዲሚዮሎጂ በሽታና ሌሎች የጤና እክሎች በሕዝብ መካከል እንዴት እንደሚሰራጩ፣ ስርጭታቸውን የሚወስኑት ምክንያቶች ምን እንደሆኑ የሚያጠና፣ የተገኘውንም ዕውቀት በሽታን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የሚያውል የሳይንስ ዘርፍ ነው። የሕክምና ባለሙያ አንድን ሕመምተኛ ሲመለከት ኤፒዲሚዮሎጂስት የሚመለከተው መላውን ማኅበረሰብ ነው፤ መነሻ ጥያቄዎቹም ማን ታመመ፣ የት ታመመ፣ መቼ ታመመ የሚሉ ሦስት ናቸው። ጥያቄዎቹ ቀላል ቢመስሉም በሥርዓት ተጠይቀው መልሳቸው በሥርዓት ሲመዘገብ የበሽታው ተሐዋሲ ገና ባልታወቀበት ጊዜ እንኳ መንስኤውን ሊያመለክቱ ይችላሉ። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ስኖው እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ኮሌራ በተነሳ ጊዜ የሟቾቹን መኖሪያ በካርታ ላይ እያሰፈረ በሽታው በአንድ የውኃ ጉድጓድ ዙሪያ መብዛቱን ያሳየው፣ ሮበርት ኮክ የኮሌራን ባክቴሪያ ለዓለም ከማሳወቁ ሦስት ዐሥርት ዓመታት ገደማ አስቀድሞ ነበር።

ይህ ሙያ በጎንደር ሥር የሰደደው በታላቅ እልቂት ምክንያት ነው። ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን የተዘረጋው የደንቢያ ሜዳ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ ክረምቱ ሲወጣ ውኃ የሚያቁር ለም ምድር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1953 በዚያ የተቀሰቀሰ የወባ ወረርሽኝ 7 ሺህ ያህል ሰዎችን እንደገደለ ይገመታል። ወባ ዓመቱን ሙሉ በማይለይባቸው ቆላማ ሥፍራዎች የሚኖር ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ደጋግሞ ስለሚያዝ ሰውነቱ በሽታውን በከፊል የመቋቋም አቅም ያዳብራል። በደንቢያና መሰል ከፍታ ባላቸው ቦታዎች ግን ወባ የሚመጣው ዝናቡና ሙቀቱ ሲመቸው፣ በዓመታት ልዩነት በመሆኑ ሕዝቡ ይህን አቅም ሳያዳብር ይቆያል፤ በሽታው በመጣ ጊዜም ሕፃን ከአዋቂ፣ ብርቱ ከደካማ አይለይም። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ ይኸው ሁኔታ በአገር ደረጃ ተደገመ። ከ1 ሺህ 600 እስከ 2 ሺህ 150 ሜትር ከፍታ ባላቸው አካባቢዎች የተነሳው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ይዞ 150 ሺህ ያህሉን እንደገደለ ተገምቷል። ከሁለቱ እልቂቶች የተገኘው ትምህርት ለዛሬም የሚያገለግል ነው፤ ወባ አልፎ አልፎ ብቻ የሚታይበት አካባቢ ከወባ ነፃ ነው ብሎ መዘናጋት፣ ወባ ዘወትር ከሚኖርበት አካባቢ ይልቅ ለከፋ እልቂት ሊዳርግ ይችላል።

የደንቢያው ወረርሽኝ ከሆስፒታል ግንባታ ያለፈ ምላሽ እንደሚያስፈልግ ስላስገነዘበ፣ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የዕርዳታ ተቋም ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደርን የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል አቋቋመ። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ተቋም የተወለደው ከዚህ ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒተሪያን ይባሉ የነበሩትን የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድነት አሠልጥኖ በቡድን ወደ ገጠር ያሰማራ ነበር። የአሠራሩ ሐሳብ ለዘመኑ ደፋር ነበር ማለት ይቻላል፤ ሐኪም እጅግ ጥቂት በሆነበት አገር ሕመምተኛ እስኪመጣ በሆስፒታል ከመጠበቅ ይልቅ ጉድጓዱን፣ መጸዳጃውን፣ የእናቶችንና የሕፃናትን ሁኔታ እየተመለከተ የመንደሩን ሕመም የሚቆጥር ቡድን መላክን መርጧልና። ተማሪዎች በቡድን ወደ ማኅበረሰቡ ወጥተው የጤና ችግሮችን የሚለዩበት ሥልጠና እስካሁን የዩኒቨርሲቲው መለያ ሆኖ ዘልቋል።

ወደ ደጋው ስንመለስ፣ በአምባ ጊዮርጊስም ሆነ በዳባትና በደባርቅ ዙሪያ ያለው ገበሬ ከመሬቱ ማነስ የተነሳ ዓመቱን ሙሉ በቀዬው ተቀምጦ አይኖርም። ሐምሌና ነሐሴ ለአረም፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ደግሞ ለሰሊጥ አጨዳ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ወደ መተማ፣ ወደ አርማጭሆና ወደ ሑመራ ቆላ ይወርዳሉ። በዚያም በማሳው ዳር ደጅ ያድራሉ፤ የቀትሩን ሐሩርም በግራር ጥላ ሥር ተኝተው ያሳልፉታል። ከወባ ሌላ በዚያ የሚጠብቃቸው አደጋ ካላዛር ይባላል። በሽታው ሌሽማንያ በተባለ ጥገኛ ተውሳክ የሚመጣ፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ትኩሳትን፣ የጣፊያና የጉበት ዕብጠትን፣ የደም ማነስንና ክሳትን የሚያስከትል፣ ካልታከመ በአብዛኛው የሚገድል ነው። ተውሳኩ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ስለሚወስድ፣ በጥቅምት የተነከሰው ወጣት የሚታመመው ቤቱ ከገባ፣ ገንዘቡን ለቤተሰቡ ካካፈለ፣ ምናልባትም የበልጉን እርሻ ከጀመረ በኋላ ነው። ሕመሙ በተገለጠበት ቦታና በተያዘበት ቦታ መካከል ይህን ያህል ርቀት፣ በሁለቱ ጊዜያት መካከልም ይህን ያህል ወራት ስላለ፣ የሰውዬውን ጉዞ ያልጠየቀ መርማሪ ደጋው ራሱ ካላዛርን ያፈለቀ ሊመስለው ይችላል።

ይህ ጥንቃቄ ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ በሊቦ ከምከም የደረሰው ያስረዳል። ከጣና በስተ ምሥራቅ በምትገኘው በዚህች ወረዳ እ.ኤ.አ. ከ2003 ገደማ ጀምሮ የሰዎች ትኩሳት በወባ መድኃኒት አልድን እያለ፣ ሆድ እያበጠ፣ ሰውነት እየከሳ ብዙ ሰው ሞተ። አካባቢው ከፍታ ያለው፣ ካላዛር ቀድሞ ያልታየበት ስለነበር በሽታው ለረጅም ጊዜ ከወባና ከታይፎይድ ጋር ሲምታታ ቆይቶ፣ ካላዛር መሆኑ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ከዚያ በኋላ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከጤና ባለሥልጣናት ጋር ሆነው በአዲስ ዘመን ከተማ ባቋቋሙት ማዕከል በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ከ2 ሺህ በላይ ሕሙማን ታክመዋል። ሕክምናው ሕይወት ታድጓል፤ በሽታው ከየት መጣ፣ በወረዳው ውስጥስ ይተላለፋል ወይ የሚለውን ጥያቄ ግን ሕክምና ብቻውን ሊመልሰው አይችልም ነበር።

ተመራማሪዎች መልሱን የፈለጉት የታመሙትንና ያልታመሙትን በማነጻጸር በሚካሄድ ጥናት ነው። በዚህ ዓይነቱ ጥናት ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ በዕድሜ፣ በጾታና በመኖሪያ የሚመስለው ጤነኛ ሰው ይመረጥና ሁለቱም ስለ አኗኗራቸው አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠየቃሉ፤ ከታመሙት መካከል በብዛት፣ ከጤነኞቹ መካከል ግን በጥቂቱ የተገኘ ልማድ ለበሽታው መንገድ እንደከፈተ ይጠረጠራል። በሊቦ ከምከምና በአጎራባቿ በፎገራ ወረዳ የተደረገው ጥናት ቀን ቀን በግራር ሥር መተኛት፣ ሌሊት ከቤት ውጭ ማደርና ውሻ ማሳደር ከበሽታው ጋር እንደሚያያዙ አመለከተ። በሽታውን ወደ ወረዳው ያመጡት ከመተማና ከሑመራ የተመለሱ ወቅታዊ ሠራተኞች ሳይሆኑ እንደማይቀሩም ተመራማሪዎቹ ገምተዋል፤ አንዴ ከገባ በኋላ ግን ቆላ ወርደው የማያውቁ ሕፃናትም ስለታመሙ በሽታው በዚያው በወረዳው ይተላለፍ እንደነበር ግልጽ ሆነ። መጠንቀቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ። ሁለት ነገሮች አብረው መታየታቸው አንዱ የሌላው መንስኤ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ውሻ ያለው ቤት ከብት የሚበዛበት፣ ከብት የሚበዛበትም ዝንብ የሚስብ ሊሆን ስለሚችል ውሻውን ከመወንጀል በፊት ውሻው ምን እንደሚያመለክት መጠየቅ ይቀድማል። ኤፒዲሚዮሎጂ ከሌላው ቆጠራ ሁሉ የሚለየው በዚህ ራስን የመጠርጠር ልማዱ ነው።

ደጋው ራሱ የሚያፈልቃቸው በሽታዎችም አሉ። ብርድ በጸናበት አገር ሰው ልብሱን ደራርቦ ይለብሳል፤ ቤተሰብና እንግዳ በአንድ ጋቢ ሥር ያድራል፤ ውኃው ስለሚበርድ ማገዶውም ስለሚወደድ ልብስና ገላ ለመታጠብ ያዳግታል። በእንዲህ ያለ ሁኔታ በልብስ ስፌት ውስጥ የሚራባው የሰውነት ቅማል ተስቦንና የሚያገረሽ ትኩሳትን ከሰው ወደ ሰው ያደርሳል። ቅማል የሰውን የተለመደ ሙቀት እንጂ የትኩሳትን ሙቀት ስለማይወድ ታማሚውን ትቶ አጠገቡ ወደ ተኛው ጤነኛ ይሻገራል፤ ጤነኛውም ሲያክ ቅማሉን ይደፈጥጠውና የሚያገረሽ ትኩሳት ተሐዋሲ በተቧጨረው ቆዳ በኩል ይገባል። ይህ ከታወቀ መከላከያው አብሮ ይታወቃል፤ ለታማሚው መድኃኒት እየተሰጠ የእርሱና የቤተሰቡ ልብስ በፈላ ውኃ ካልተቀቀለ፣ አንዱ ድኖ ሲወጣ ሌላው ታሞ ይገባል።

ከሁሉም የበለጠ ትኩረት የሚገባው፣ ብዙ ጊዜም የማይነገርለት ጉዳይ የአካፋዩ ነገር ነው። አንድ ጤና ጣቢያ በወሩ ውስጥ ስንት ሰው በሳንባ ምች እንደታከመ ያውቃል፤ ያንን ቁጥር ለስንት ሰው እንደሚያካፍለው ግን በትክክል ላያውቅ ይችላል፤ ታሞ ቤቱ የተኛውን፣ ወደ ጠበል የሄደውንና ሳይታከም የሞተውንማ ከቶ አያየውም። ስለዚህ ከጤና ተቋም መዝገብ ብቻ የሚነሳ ግምት የሚያሳየው የታመመውን ሕዝብ ሳይሆን መንገድና ገንዘብ አግኝቶ ሊመጣ የቻለውን ነው። ይህን ክፍተት ለመሙላት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከአምባ ጊዮርጊስ ቀጥሎ ባለው በዳባት ወረዳ እ.ኤ.አ. በ1996 የጀመረው ሥራ በአገሪቱ ካሉት መሰል ጥረቶች መካከል ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። የዳባት የጤናና የሥነ ሕዝብ ቅኝት የሚባለው ይህ ሥራ ከደጋ፣ ከወይና ደጋና ከቆላ በተመረጡ ቀበሌዎች የሚኖረውን ሕዝብ በቤት በቤቱ መዝግቦ፣ መረጃ ሰብሳቢዎች በየጊዜው እየተመላለሱ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንዳገባ፣ ማን አገር ለቅቆ እንደሄደ የሚከታተሉበት ነው። አካፋዩ የታወቀ ስለሆነ በዚያ ከሺህ ሕፃናት ስንቱ የመጀመሪያ ልደቱን ሳያከብር ሞተ ብሎ መጠየቅና የታመነ መልስ ማግኘት ይቻላል።

ሰው በቤቱ ሲሞት ምክንያቱን የሚጽፍ ሐኪም ስለሌለ፣ በዳባት የሞት ምክንያት የሚፈለገው የቃል አስከሬን ምርመራ በሚባለው ዘዴ ነው። የሐዘኑ ጊዜ ካለፈ በኋላ የሠለጠነ ጠያቂ ወደ ሟቹ ቤት ይሄድና ያስታመመውን ሰው ትኩሳት ነበረው ወይ፣ ሳሉ ስንት ሳምንት ቆየ፣ እግሩ አብጦ ነበር ወይ፣ እናት ከሆነች ከወለደች ስንት ቀኗ ነበር እያለ በተዘጋጀ ቅጽ ይጠይቀዋል። የተሞላውን ቅጽ ሁለት ሐኪሞች ሳይመካከሩ ለየብቻቸው ያነቡታል፤ ካልተስማሙ ሦስተኛ ይጨመራል። ዘዴው ስሕተት አያጣውም፤ ነገር ግን ለዘመናት በእግዜር ጥሪነት ብቻ ሲሸኝ የኖረውን የገጠር ሞት በምክንያቱ ለይቶ፣ ሳንባ ነቀርሳው የቱ ጋ እንደሚበዛ፣ የልብና የደም ግፊት ሕመም በገጠርም እንዳለ ለዕቅድ አውጪዎች የሚያሳይ ሌላ መንገድ በእጅ የለም። ሐዘንተኛ ቤተሰብ ዳግም ሐዘኑን እያነሳ የሚሰጠው ይህ ምስክርነት ለማያውቃቸው ሰዎች የተደረገ ትልቅ ስጦታ ነው።

ጥናት ዓመታትን ሲፈጅ ወረርሽኝ ግን ሳምንት አይታገሥም። ስለዚህ በአገሪቱ ከቀበሌ ጤና ኬላ እስከ ኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚዘረጋ የበሽታዎች ቅኝት ሥርዓት አለ። እንደ ኩፍኝ፣ ኮሌራ፣ አባ ሰንጋና የእብድ ውሻ በሽታ ያሉት አንድ ሰው እንኳ ሲጠረጠር ወዲያውኑ፣ ከአንዱ እርከን ወደ ቀጣዩ በ30 ደቂቃ ውስጥ እንዲነገሩ መመሪያው ያዛል፤ እንደ ወባ፣ ተስቦና የሚያገረሽ ትኩሳት ያሉት ደግሞ ከሰኞ እስከ እሑድ ያለው ተደምሮ በየሳምንቱ ይላካል። ማንም ሰው ካልታመመም ቅጹ ባዶውን አይቀርም፤ ዜሮ ተጽፎበት ይሄዳል፤ ዜሮ ያልተጻፈበት ዝምታ ጤና ይሁን ቸልተኝነት ለይቶ ማወቅ ስለማይቻል ነው። በወባማ አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ሠንጠረዥ የሳምንቱን የሕሙማን ቁጥር ባለፉት አምስት ዓመታት በዚያው ሳምንት ከተመዘገቡት ጋር ያነጻጽራል፤ የዘንድሮው ነጥብ ከአምስቱ ዓመታት ሁለተኛ ከፍተኛ ቁጥር በላይ ካለፈ የወረርሽኝ ማስጠንቀቂያ ይሆናል። ይህ ሒሳብ እርሳስና ማስመሪያ እንጂ ኮምፒውተር አይጠይቅም። የሚጠይቀው አምስት ዓመት ሙሉ ሳያቋርጥ በታማኝነት የጻፈ ሰው ነው።

የማስጠንቀቂያው ዋጋ ሰው ከየአቅጣጫው ተሰብስቦ በሚመለስበት ጊዜ ይጎላል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በምዕራብ ጎንደር ዞን ቋራ ወረዳ በበርሜል ጊዮርጊስ ጠበል ኮሌራ በተነሳ ጊዜ አስጊ የነበረው በሥፍራው የታመሙት ብዛት ብቻ አልነበረም፤ ከልዩ ልዩ ወረዳዎች የመጡት ጠበልተኞች ወደየአገራቸው ሲመለሱ በሽታውን ይዘው ሊገቡ መቻላቸውም ነበር። ካርታ ላይ አንድ ነጥብ የሚመስለው ቦታ በሰዎች መንገድ በኩል ከብዙ ቀበሌዎች ጋር ይገናኛል፤ ያንን መንገድ አስቀድሞ የሚያውቅ ወረዳ ንጹሕ ውኃና የሕክምና ድንኳን የት እንደሚያዘጋጅ ያውቃል።

ይህ የቅኝት አሠራር እስከ ምን እንደሚያደርስ ለሚጠራጠር ሰው ፈንጣጣ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ የማጥፋት ዘመቻው ሲጀመር በዚያው ዓመት ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። መንገድ በሌለው ተራራማ አገር ሁሉንም ሰው መከተብ ስላልተቻለ ዘማቾቹ ሕመምተኛውን ፈልጎ ማግኘትንና በዙሪያው ያሉትን ብቻ ከትቦ ስርጭቱን መግታትን መረጡ። በእግር፣ በበቅሎና በሄሊኮፕተር እየተጓዙ፣ በገበያና በየትምህርት ቤቱ የፈንጣጣ ሕመምተኛን ሥዕል እያሳዩ እንዲህ ያለ ሰው ያየ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። የኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1976 ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ዓለም ከፈንጣጣ መጽዳቷ ታወጀ።

ወባ ግን አልጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1 ሺህ 157 ሞት መመዝገቡን አስታውቋል፤ ይህም በሰባት ዓመታት ውስጥ ከፍተኛው ነበር። በዚህ ላይ ጦርነት በ2013 ዓ.ም. ክረምት እስከ ዳባት ወረዳ ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም በአማራ ክልል ግጭት ቀጥሏል። መንገድ ሲዘጋ መድኃኒት ይቋረጣል፤ ባለሙያው ሲሰደድ ደግሞ ሳምንታዊው ቅጽ ሳይሞላ ይቀራል፤ ሁለተኛው ጉዳት ከመጀመሪያው ያነሰ ቢመስልም ወረርሽኙ የት እንደጀመረ የሚናገር እስከማይገኝ ድረስ ያደርሳል። የቅኝቱን ሠራተኛ፣ ስልኩንና መጓጓዣውን መጠበቅ ከመድኃኒቱ እኩል የሚታይ የሕይወት ማዳን ሥራ ሊሆን ይገባል።

የደጋው ነዋሪም በዚህ ሥራ ድርሻ አለው። ከመተማ፣ ከሑመራ ወይም ከአርማጭሆ የተመለሰ ሰው ትኩሳት ሲሰማው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ወባን ይመርመር፤ ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈውና እየከሳ ወይም ሆዱ በግራ በኩል እያበጠ ከሄደ ስለ ካላዛር ይጠይቅ፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የካላዛር ሕክምናና ምርምር ማዕከል አለ። ለመርማሪውም የሚሰማውን ሕመም ብቻ ሳይሆን የት እንደነበረ፣ በየትኛው ወር እንደተመለሰና አብረውት የነበሩት እነማን እንደሆኑ ይንገረው።